አበዳሪው በደጅ ይቁም፤ ዱቤ፣ ዕቁብና የቤተሰብ ገንዘብ አያያዝ

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 ውስጥ ብዙ ጊዜ ሳናስተውላት የምናልፋት አንዲት ትእዛዝ ትገኛለች። ለባልንጀራው ያበደረ ሰው መያዣውን ለመቀበል ወደ ተበዳሪው ቤት ዘልቆ እንዳይገባ፣ ይልቁንም በውጭ ቆሞ እንዲጠብቅና ባለዕዳው ራሱ መያዣውን አውጥቶ እንዲሰጠው ሕጉ ያዝዛል። ከዚያች ትእዛዝ ጥቂት ቀደም ብሎ የወፍጮ ድንጋይ በመያዣነት እንዳይወሰድ ተከልክሏል፤ ቀጥሎም ከድኻ የተወሰደ ልብስ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲመለስለት ታዟል። እንግዲህ ሕጉ ብድርን አልከለከለም። የከለከለው ብድር የሰውን የዕለት እንጀራ፣ የሌሊት ልብስና የቤት ክብር እንዳይነካ ነው። በዚህ ትምህርት ይህችን ትእዛዝ ይዘን በራሳችን ሰፈር፣ በጉለሌ፣ ገንዘብ በሚያጥርበት ወር ቤተሰብ የሚሄድባቸውን መንገዶች እንመለከታለን።

ወጣቶቻችን አዘውትረው የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ፤ በውጭ ሀገር ሰው ሁሉ በክሬዲት ካርድ ሲኖር እኛ ያለ እርሱ እንዴት እንዘልቃለን? ይላሉ። በመጀመሪያ ነገሩን በስሙ እንጥራው። አብዛኞቻችን በኪሳችን የያዝነው የባንክ ካርድ በሒሳባችን ያለውን የራሳችንን ገንዘብ የሚያወጣልን ነው። ክሬዲት ካርድ ግን ገና ያላገኘነውን ገንዘብ የሚያስወጣን ነው። ታሪኩም ረጅም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950 በኒው ዮርክ ዳይነርስ ክለብ የተባለው ካርድ ተጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1958 ደግሞ ባንክ ኦፍ አሜሪካ በካሊፎርኒያ፣ ፍሬዝኖ በምትባል ከተማ ለሚኖሩ 60,000 ያህል ሰዎች ካርዱን ሳይጠይቁት በፖስታ ላከላቸው። ሳይጠይቁት የሚለውን ቃል ልብ እንበል፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። በነገራችን ላይ፣ ለበዓል ከዋሽንግተን ወይም ከቶሮንቶ የሚደርሰን ገንዘብ አንዳንድ ጊዜ በዚሁ ካርድ ዕዳ የተገኘ ሊሆን እንደሚችል ብናስብ ጥያቄያችን ሳይበርድ አይቀርም።

ክሬዲት ካርድ የሚሠራው ሥራ ግን፣ ማለትም በደመወዝ ቀንና በችግር ቀን መካከል ያለውን ክፍተት መሙላት፣ ለእኛ አዲስ አይደለም። በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም መጀመሪያ የልጆች ደብተርና የደንብ ልብስ ከዘመን መለወጫ ዶሮ ጋር ተደራርቦ ሲመጣ፣ የሰፈራችን ባለሱቅ ደብተሩን አውጥቶ ይመዘግባል። ዘይት፣ ሳሙና፣ ስኳር፣ አንድ ኪሎ ምስር እያለ ገጹን ይሞላል። ወለድ የለውም፤ ዋስም አይጠይቅም። ባለሱቁ የሚያውቀው ፊታችንን፣ ቤታችንንና እናታችንን ነው።

ይህ መልካም ነገር ነው፤ ዋጋው ግን ስውር ነው። የዱቤ ደንበኛ የዋጋ ክርክር አይከራከርም። በሸማቾች ማኅበር ሱቅ ዘይት በረከሰ ዋጋ በመጣ ቀን በእጁ ገንዘብ ስለሌለው ተሰልፎ መግዛት አይችልም፤ ሳይወድ ወደ ዱቤው ሱቅ ይመለሳል። ደመወዙን በተቀበለ ዕለትም ያለፈውን ወር ዕዳ ከፍሎ ይህን ወር በባዶ እጁ ይጀምራል። ብዙ ቤተሰብ ድኻ የሚመስለው ገቢው ስላነሰ ብቻ ሳይሆን አንድ ወር ወደ ኋላ ቀርቶ ስለሚኖር ነው። ከዚህ ለመውጣት የአንድ ወር የአስቤዛ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ማግኘት ይጠይቃል። ዕቁብ ለዚህ የሚረዳ መሆኑን ከታች እናያለን።

ስውሩ ዋጋ ይበልጥ የሚከፋው በሽሮ ሜዳ ነው። ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ አካባቢ መጥተው በዚህ ሰፈር የሰፈሩ ሸማኔዎች የሀገር ልብሳችንን ሲሸምኑ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ድርና ማግ የሚገዛበት ገንዘብ የሌለው ሸማኔ ክሩን ከነጋዴ በዱቤ ይወስዳል፤ ሸምኖ ሲጨርስም ነጠላውን ወይም ጋቢውን ለዚያው ነጋዴ ያስረክባል። ዋጋውን የሚቆርጠው ነጋዴው ነው። ለምሳሌ ያህል፣ የ400 ብር ክር ወስዶ በሁለት ሳምንት የሠራውን፣ በገበያ 1,000 ብር የሚያወጣ ልብስ በ850 ብር ቢያስረክብ፣ የቀረበት 150 ብር ማንም ወለድ ብሎ አይጠራውም። ነገር ግን በ400 ብር ላይ 150 ብር ማለት በሁለት ሳምንት ብቻ ከ37 በመቶ በላይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሰዎች በብድር ውላቸው ከ12 በመቶ በላይ የዓመት ወለድ እንዳይዋዋሉ ከልክሏል። ይህን ስንል ነጋዴውን ሁሉ አራጣ አበዳሪ ነው ማለታችን አይደለም፤ እርሱም ክሩን ያመጣው ተበድሮ ይሆናል። ሆኖም ወፍጮ በመያዣነት አይወሰድ ያለው ሕግ ስለ ሸማኔው እጅ ምን ይለን ይሆን?

ቤተ ክርስቲያን በዚህ ጉዳይ ከቃል ያለፈ ሥራ ሠርታለች። እ.ኤ.አ. በ1462 በጣልያን፣ በፔሩጃ ከተማ፣ ፍራንቸስካውያን ድኾችን ከአራጣ ለማዳን ስሙ የርኅራኄ ተራራ ተብሎ ሊተረጎም የሚችል የብድር ቤት አቋቋሙ፤ በመያዣ እያበደረ የሚያስከፍለው ለሥራ ማስኬጃ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ነበር። ይህችን ጥቂት ክፍያ መቀበል ኃጢአት ነው አይደለም የሚለው ክርክር ብዙ ዘመን ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1515 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 10ኛ በላተራን ጉባኤ ፈቀዱት። በ1745 ደግሞ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤነዲክቶስ 14ኛ ስለ አራጣ ሐዋርያዊ መልእክት ጽፈዋል።

በሀገራችን የዚህን ሥራ ጠባይ የሚመስለው ዕቁብ ነው። አሠራሩን ሁላችን ብናውቀውም ሒሳቡን አስልተን የምናውቅ ጥቂቶች ነን። 20 አባላት በየሳምንቱ 500 ብር ቢያዋጡ ዕጣው 10,000 ብር ይሆናል። በመጀመሪያው ሳምንት የደረሰው ሰው የራሱ 500 ብር ሲቀነስ 9,500 ብር ያለ ወለድ ተበድሯል ማለት ነው፤ በ19 ሳምንት ይከፍላል። በመጨረሻው ሳምንት የሚደርሰው ደግሞ 9,500 ብር ያለ ወለድ አበድሯል። በመካከል ያሉት እንደ ተራቸው አበዳሪም ተበዳሪም ናቸው። ባንክ የለም፤ ዳኛ፣ ጸሐፊና ዋስ ብቻ አለ። ነገር ግን የኋለኛው ሰው የሚጎዳበት ጊዜ አለ። በ2014 ዓ.ም. የሀገራችን የዋጋ ግሽበት በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ሆኖ እንደነበር እናስታውሳለን፤ በእንዲህ ያለ ዘመን በአምስተኛው ወር የሚደርስ 10,000 ብር በመጀመሪያው ሳምንት የደረሰውን ያህል ዕቃ አይገዛም። ስለሆነም ዕቁብ ሲረዝም የመጨረሻዎቹን ሰዎች ይጎዳል፤ አጭር ዕቁብ ለድኻ ይሻላል። ዕጣውም በደረሰ ጊዜ ለድግስ ከመዋል ይልቅ የሸማኔውን ክር በእጅ በእጅ ቢገዛ፣ ወይም የሱቁን ደብተር ዘግቶ ቀጣዩን ወር በጥሬ ገንዘብ ቢያስጀምር፣ ከላይ የጠቀስነው የአንድ ወር ኋላ መቅረት ያበቃል።

ረዘም ያለ ሐሳብ ላለው ቤተሰብ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር አለ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1964 በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች የተቋቋመው ነው። በዚህ መንገድ አባሉ አስቀድሞ ይቆጥባል፤ የሚበደረውም በቁጠባው ልክ ነው። ዕድር እንደሚታወቀው በዋናነት ለኀዘን ነው።

አሁን ወደ አዲሱ ነገር እንምጣ። በየሱቁ ግድግዳ ላይ “ዱቤ የለም” የሚል ጽሑፍ እያነበብን ነው ያደግነው። በ2015 ዓ.ም. ዳሸን ባንክ “ዱቤ አለ” የሚል ስም የሰጠውን አገልግሎት ጀመረ። በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብርም ከዓመት በኋላ “መላ” እና “እንደኪሴ” በተባሉ ስሞች በእጅ ስልክ ማበደር ጀምሯል። እነዚህን አገልግሎቶች አንነቅፍም። ቤት ወይም መኪና በመያዣነት ማቅረብ የማትችል እናት ለልጇ መድኃኒት የሚሆን ገንዘብ ታገኝባቸዋለች፤ ሸማኔውም በጥንቃቄ ከተጠቀመባቸው ከክር ዱቤ ሊወጣ ይችላል።

ሆኖም አንድ ነገር ተለውጧል። የሱቁን ደብተር ባለሱቁ ያውቀዋል፤ ሚስትም ልጅም ሲላኩ ያዩታል። የዕቁቡን ዕዳ ሃያ ሰው ያውቀዋል። የስልኩን ዕዳ ግን ከባለ ስልኩ በቀር በቤት ውስጥ ማንም ላያውቀው ይችላል። ኦሪት በደጅ ይቁም ያለችው አበዳሪ ዛሬ በኪስ ገብቶ፣ ሌሊት ከትራስ ሥር ያድራል። መበደር የምትችለው ይህን ያህል ነው የሚል መልእክትም በፍሬዝኖ እንደ ነበረው ሳይጠይቁት ይመጣል። የአገልግሎት ክፍያውም በወር ሲነገር ትንሽ ይመስላል፤ በ100 ብር 5 ብር ለአንድ ወር ቢሆን፣ ያንኑ ብድር ወር በወር እያደሱ ዓመት ለሚቆዩ ሰዎች 60 ብር ነው። ማንኛውንም ብድር ስንመዝን በመጀመሪያ በዓመት ስንት ነው? ብለን እንጠይቅ፤ መልሱን ካላገኘን አንቀበል።

ጌታችን ግንብ ሊሠራ ስለሚወድ ሰው ሲያስተምር በመጀመሪያ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚቈጥር ተናግሯል (ሉቃ. 14)። ይህ መቀመጥ ለባልና ለሚስት በወር አንድ ምሽት ቢሆን በቂ ነው። አንድ ተራ ደብተር ያስፈልጋል፤ የገባው፣ የወጣው፣ ለማን ስንት ዕዳ እንዳለብን ይጻፍበት። የሱቁ ደብተርና ሁለቱም ስልኮች በጠረጴዛው ላይ ይቀመጡ። ይህ በተለይ ለአባወራዎች ሊከብድ እንደሚችል እናውቃለን፤ ባል ዕዳውን ከሚስቱ የሚሰውራት ላለማስጨነቅ ነው ይላል፤ ሚስትም እንዲሁ። የተሰወረ ዕዳ ግን በሌላ ብድር ይከፈላል፤ ያም በሌላ። የተነገረ ዕዳ ሌላው ቢቀር የበዓሉን በግ ወደ ዶሮ ያወርዳል። ለወንድም ወይም ለጎረቤት ስናበድርም መጻፉ ያለማመን ምልክት አይደለም፤ ሕጉ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ እንዲረጋገጥ ያዘዘው በኋላ በሚነሣ ክርክር ወዳጅነት እንዳይፈርስ ነው ብለን ብናነበው አንሳሳትም።

ስለ ዋስነት አንድ ቃል ይቀረናል፤ በየቁምስናችን የሚያጣላን እርሱ ነውና። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 29 ሁለቱንም ይዞ ያስተምራል፤ ደግ ሰው ለባልንጀራው ዋስ ይሆናል ይላል፤ ወዲያውም ዋስነት ብዙ ባለጸጎችን እንዳጠፋ ያስታውሳል። ምክሩም እንደ ዐቅምህ እርዳ፣ አንተም እንዳትወድቅ ተጠንቀቅ የሚል መንፈስ አለው። እንግዲህ ለዕቁብ ዋስ ሁን ስንባል፣ ሰውየው ባይከፍል ከልጆቻችን ምግብ ሳንቀንስ ልንከፍል የምንችለው ስንት ነው? በዚህ ጥያቄ ላይ ባልና ሚስት አስቀድመው ይስማሙ፤ መጠኑንም በዚያው ደብተር ላይ ይጻፉት።