ሚኤሶ ላይ መውረድ፦ የምዕራብ ሐረርጌን ታሪክና ተፈጥሮ እንዴት እንጎብኝ?

ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር የሚጓዝ ሰው ሚኤሶን ብዙውን ጊዜ የሚያያት በመኪና መስኮት ነው፤ ሙቀቱን አማርሮ፣ የታሸገ ውኃ ገዝቶ ያልፋል። ምዕራብ ሐረርጌን በወጉ ለመጎብኘት ግን ከዚህች ቆላማ ከተማ የተሻለ መነሻ የለም። ምክንያቱን መሬቱ ራሱ ይናገራል። ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ጀምሮ ተጎራብተው የመጡት ሐዲዱና አስፋልቱ የሚለያዩት እዚህ ነው፤ ባቡሩ ቆላውን ይዞ በአፍደም በኩል ወደ ድሬዳዋ ይቀጥላል፣ መኪናው ወደ ጭሮ ሽቅብ ይወጣል። በቀድሞው ዘመን ከሐረር ወደ ሸዋ የሚሻገሩ ነጋዴዎችም ሁለት ምርጫ ነበራቸው፦ በጨርጨር ደጋ ወይም በበረሃው። ሜዳው አላፊ አግዳሚውን ሲያስተናግድ ኖሯል፤ ተራራው ደግሞ ከመንገድ ርቆ መኖር የሚፈልገውን ይዟል፣ ገዳሙን፣ ደኑን፣ የዱር እንስሳውን። ስለዚህ መጀመሪያ ሜዳውን፣ ቀጥሎ ተራሮቹን ማየት ይበጃል።

የመጀመሪያው ሥራ ጊዜ መምረጥ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው በጋ ይመረጣል፤ የቆላው ሙቀት ይቀንሳል፣ የተራራው መንገድም ጭቃ አይሆንም። ሆኖም በታኅሣሥ 19 የቁልቢ ገብርኤል ክብረ በዓል ሰሞን መንገዱ በምእመናን ይጨናነቃል፣ አልጋም ትራንስፖርትም ይጠፋል። ንግሡን ራሱን ሊያዩ ካልሆነ በቀር ያን ሳምንት ይለፉት። የአካባቢው ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ስለሆነ ጉዞው በረመዳን ላይ ከዋለ ቀን ምግብ ቤት ክፍት አገኛለሁ ብለው አይተማመኑ። የቀኑ አከፋፈልም መታወቅ አለበት፤ እዚህ አገር ጉዳይ የሚያልቀው ረፋድ ላይ ነው፣ ከምሳ በኋላ የበርጫ፣ የጫት መቃሚያ ሰዓት ነው።

ሁለተኛው ሥራ ፈቃድና ጸጥታ ነው፤ ይህን ጉዞ የሚነቅፉ ሰዎች ዋና መከራከሪያም እዚሁ ላይ ነው። ሚኤሶ የኦሮሚያና የሶማሌ ክልሎች በሚዋሰኑበት ስፍራ ያለች ከተማ ናት፣ በግጦሽና በወሰን ግጭት ስሟ ተነስቷል፤ ታዲያ ለሽርሽር ለምን ይኬዳል ይላሉ። ሥጋቱ እውነት ነው፣ አቃልሎ መናገርም ኃላፊነት የጎደለው ነው። ነገር ግን የጸጥታው ሁኔታ ከሳምንት ሳምንት፣ ከቀበሌ ቀበሌም ይለያያል፤ ዓመት የሞላው ወሬ ሰምቶ አካባቢውን በሙሉ መሰረዝም፣ ሳይጠይቁ መግባትም እኩል ስህተት ነው። ከመነሳትዎ በፊት ለማደሪያ ወዳሰቡት ሆቴል ደውለው ይጠይቁ፣ ሚኤሶ ሲደርሱ ደግሞ መታወቂያዎን ይዘው በቀጥታ ወደ ወረዳው አስተዳደር ይሂዱ። የት የት እንደሚሄዱ ተናግረው የድጋፍ ደብዳቤ ያጽፉ፤ ደብዳቤው ኬላ ላይም፣ ገዳም በር ላይም፣ ደን ጠባቂ ዘንድም ያገለግላል። «ዛሬ አይሆንም» ከተባሉ አይከራከሩ፣ ወደ ጭሮ ይለፉ። በሌሊት መጓዝ ግን በየትኛውም ሳምንት አይመከርም።

  

ደብዳቤው በእጅዎ ከገባ ከጣቢያው ይጀምሩ። ከጅቡቲ የተነሳው የፈረንሳዮች ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደርሷል። መጀመሪያ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር፤ የተራራው አቀበት ወጪውን ስላናረው ከግርጌው ቀረ፣ ድሬዳዋም በዚሁ ሰበብ ተቆረቆረች። ሚኤሶ ላይ ቆመው ወደ ደቡብ የጨርጨርን ተራሮች ሲያዩ የያኔው መሐንዲስ ለምን ቆላውን እንደመረጠ ማንም ሳያስረዳዎ ይገባዎታል። አዲሱ ባቡርም ያንኑ ምርጫ ደግሟል። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው መስመር ሲሠራ ከሰበታ እስከ ሚኤሶ ያለውን አንድ የቻይና ኩባንያ፣ ከሚኤሶ እስከ ደወሌ ያለውን ሌላው ስለያዘው የሁለቱ ሥራ የተጋጠመው እዚህች ከተማ ላይ ነው። ባቡርም ሆነ ጣቢያ ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት ጥበቃዎቹን ያስፈቅዱ፤ ያለዚያ ቀኑ በማስረዳት ያልቃል። ከተማዋ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች የወባ አገር ስለሆነች፣ የሚያድሩ ከሆነ አጎበር ያለው ክፍል ይጠይቁ። የተሻለ ማደሪያ የሚፈልግ ሰው ዋዜማውን አዋሽ አድሮ ማለዳ ቢነሳ ይሻለዋል።

በማግስቱ አሰቦት ነው፤ ለዚህ ሙሉ ቀን ይመድቡ። ከሜዳው ብቻውን ብድግ ያለው ተራራ 2,500 ሜትር ገደማ ይደርሳል፣ አናቱ ላይም ከአቡነ ሳሙኤል ዘደብረ ወገግ ስም ጋር የተያያዘው የአሰቦት ቅድስት ሥላሴ ገዳም አለ። ጎህ ሲቀድ መነሳት፣ ለአንድ ሰው ቢያንስ ሦስት ሊትር ውኃ መያዝ፣ መንገዱን የሚያውቅ የአካባቢ ሰው ማስከተል ግዴታ ነው። ገዳሙ ሲደርሱ መጀመሪያ አበምኔቱን ወይም መጋቢውን ያስጠይቁ፤ ሴቶች እስከ የት እንደሚገቡ፣ ፎቶ የት እንደሚፈቀድ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ጥር 7 እና ሐምሌ 7 የሥላሴ በዓል ስለሆነ ምእመናን ይበዛሉ፤ ጸጥታን የሚሻ ሰው ሌላ ቀን ይምረጥ። የጥዱንና የወይራውን ደን ልብ ብለው ይዩት። ባዶ ሜዳ መሃል ደን የተረፈው መነኮሳቱ ስለጠበቁት ነው፤ እንዲያም ሆኖ በ2004 ዓ.ም. የተነሳው ቃጠሎ ብዙውን ጎድቶታል። ከፍታ ብቻውን ጠባቂ አይሆንም ማለት ነው፤ እሳት ማንደድና ሲጋራ መጣል እዚህ ቦታ ላይ እንደ ቀላል ጥፋት አይታይም።

ቀጥሎ ወደ ጭሮ ይውጡ። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ መንገድ 500 ሜትር ያህል ስለሚወጣ፣ ግመልና ግራር የነበረው አካባቢ ወዲያው ወደ ማሽላ፣ ወደ ጫትና ወደ ቡና ይለወጣል። ሚኒባስ ውስጥ ከሹፌሩ ጎን ወይም መስኮት አጠገብ መቀመጥ ለዚህ መንገድ ትርፍ ቅንጦት አይደለም። ጭሮ፣ አሰበ ተፈሪ ተብላ የተቆረቆረችው ከተማ፣ ከፊታውራሪ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም ስም አትለይም፤ ሩሲያ የተማሩት፣ በኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ሰው ጨርጨርን ሲያስተዳድሩ ግዛቱን የአዲስ አስተዳደር አርአያ ለማድረግ ሞክረዋል። ከተማዋ ውስጥ ለጎብኚ ተብሎ የተዘጋጀ ብዙ ነገር የለም። አሮጌዎቹን ሰፈሮች በእግር መዞር፣ ሽማግሌዎችን አስፈቅዶ ማነጋገር፣ ገበያውን ማየት በቂ ነው። ረፋዱን ለእነዚህ ይስጡ፣ በዚያውም በዞኑ የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት ለሚቀጥለው ቀን አስጎብኚ ያግኙ።

የመጨረሻው ቀን የኩኒ ሙክታር ነው። ከጭሮ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ያሉት የጀሎና የሙክታር ተራሮች የደጋ አጋዘንን ለመጠበቅ ተብለው የተከለሉ ናቸው። እንስሳው ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አይገኝም፤ በ10 ሳንቲም ላይ ያለውን ምስሉን ሁላችንም እናውቀዋለን። «ሳላየው ብመለስስ?» የሚል ሰው መልሱ አጭር ነው፦ አጋዘን ማየት ብቻ ከሆነ ዓላማዎ ባሌ፣ ዲንሾ አካባቢ ይሂዱ፣ እዚያ የማየት ዕድልዎ የተሻለ ነው። እዚህ አደንና የእርሻ መስፋፋት ቁጥሩን አመናምኖታል፣ የቀረውም ሰው ይሸሻል። ኩኒ የሚኬደው ሐረርጌ ላይ የተረፈው የደጋ ደን ምን እንደሚመስል፣ ማሳው የት ድረስ እንደገፋው ለማየት ነው፤ አጋዘኑ ከተገኘ ምርቃት ነው። ማለዳ ወይም ወደ ማታ ይግቡ፣ ድምፅዎን ይቀንሱ፣ ሹራብ ይያዙ። የአስጎብኚውን ዋጋ ከመነሳትዎ በፊት ይነጋገሩ፤ ክፍያውን ለእሱ በእጁ ይስጡ፣ የመግቢያ ካለ ግን በደረሰኝ ይክፈሉ። ኔትወርክ በማይገኝበት ተራራ ላይ ስልክ ውስጥ ያለ ገንዘብ አይረዳምና ዝርዝር ብር ከጭሮ ይዘው ይውጡ። ምሳም እንዲሁ።