ዒላማ የሚስተው እጅ ነው

ዒላማ ስንስት መሣሪያውን እንወቅሳለን። የሚስተው ግን እጃችን ነው። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የዋለው ውጅግራ የሚጎርሰው አንድ ጥይት ብቻ ነበር። የሳተ ሰው እንደገና እስኪያጎርስ ጠላት ይደርስበታል። የዛሬው ሽጉጥ ብዙ ስለሚጎርስ ችኮላ ያስለምደናል።

ጥይት ሲወጣ ሽጉጥ ወደ ኋላ ይገፋል፤ አፈሙዙም ወደ ላይ ይነሣል። ስለዚህ መያዣውን ከላይ አስጠግተን እንያዝ፤ ሁለተኛው እጅ ይደግፈው። ከመጠን በላይ ከጨበጥነው ይንቀጠቀጣል።

ዓይን ቅርቡንና ሩቁን ባንዴ አጥርቶ አያይም። የፊቱን ማነጣጠሪያ አጥርተን እንይ፤ ዒላማው ቢደበዝዝ ግድ የለም።

ድምፁን ፈርተን ምላጩን ድንገት ከሳብን አፈሙዙ ይዘቀዘቃል፤ ጥይቷም ዝቅ ትላለች። ቀስ አድርገን እንሳብ። እስክናነጣጥር ድረስ ጣታችን ከምላጩ ይራቅ። ልምምዱ ጥይቱ ወጥቶ፣ ባዶ መሆኑ ሁለት ጊዜ ታይቶ ይሁን።

መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝን አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይከለክላል። ፈቃድ ያለንም ብንሆን አንርሳ፦ የተተኮሰች ጥይት ማረፊያ አላት። ጉንደ ወይን ውስጥ በሠርግ ቀን ወደ ሰማይ ብንተኩስ፣ ተመልሳ የምትወርደው በጎረቤታችን ልጅ ላይ ሊሆን ይችላል።