ዝማሬ ወደ ሜዳ ሲወጣ፦ ስለ ጥምቀት በዓል የቀረበ ትምህርት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ምእመናን፣ ጥር 10 ቀን ከቀትር በኋላ በሰፈራችን በፈረንሳይ ለጋሲዮን መንገድ የቆመ ሰው ምን እንደሚያይ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ወጣቶች አስፋልቱን ጠርገው ምንጣፍ ያነጥፋሉ። ካህናት ታቦቱን አክብረው ያወጣሉ። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች በሰልፍ ይዘምራሉ፤ እናቶች እልል ይላሉ። ወደ ጃን ሜዳ የሚወርደው ሕዝብ መንገዱን ይሞላል። ይህን ለማየት ዓይን ይበቃል፤ ምስጢሩን ለማወቅ ግን መማር ያስፈልጋል። ስለዚህ ዛሬ አንድ ጥያቄ ይዘን በዝግታ እንሄዳለን፦ ዓመቱን ሙሉ በቅኔ ማኅሌት የሚቆመው ዝማሬ በጥምቀት ለምን ወደ ሜዳ ይወጣል?

አንደኛ፦ ጌታ አስቀድሞ ወጥቷልና

የበዓሉ መሠረት በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ተጽፏል። ጌታችን ዮሐንስን ወደ እርሱ ማስጠራት ይችል ነበር። ነገር ግን ከገሊላ ተነሥቶ፣ ሰዎች ኃጢአታቸውን እየተናዘዙ ወደሚጠመቁበት ወንዝ ራሱ ወረደ። ኃጢአት የሌለበት ንጹሕ ከኃጥአን ጋር በአንድ ወንዝ ዳር ቆመ።

«ኃጢአት ከሌለበት ለምን ተጠመቀ?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ አበው በሦስት ነገር ይመልሳሉ። የመጀመሪያው፣ ለእኛ አብነት ሊሆንና ጥምቀታችንን ሊቀድስ ነው። ሁለተኛው፣ የሥላሴን አንድነትና ሦስትነት ሊገልጥ ነው፤ ወልድ በውኃው ቆሞ፣ አብ ከሰማይ ሲመሰክርለት፣ መንፈስ ቅዱስ በርግብ አምሳል ወርዷልና። ወቅቱ ዘመነ አስተርእዮ፣ የመገለጥ ዘመን፣ መባሉም ስለዚህ ነው። ሦስተኛው፣ የዕዳ ደብዳቤያችንን ሊደመስስ ነው። ሊቃውንት በትርጓሜያቸው እንደሚያስተምሩት፣ ዲያብሎስ አዳምና ሔዋን ባሮቹ መሆናቸውን የሚገልጽ ጽሑፍ ተቀብሎ አንዱን በዮርዳኖስ፣ አንዱን በሲኦል አኑሮት ነበር። ጌታ በዮርዳኖስ ያለውን በጥምቀቱ፣ በሲኦል ያለውን ደግሞ በስቅለቱ ዕለት በአካለ ነፍስ ወርዶ ደመሰሰው።

እንግዲህ ታቦቱ ከመንበሩ ተነሥቶ ወደ ውኃ ሲወርድ፣ ይህ የጌታ ጉዞ በዓይናችን ፊት ይታሰባል። በብሉይ ኪዳንም ምሳሌው ነበረ። በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 3 ካህናቱ ታቦቱን ተሸክመው ዮርዳኖስን ሲረግጡ ውኃው ቆመ፤ ሕዝቡም በደረቅ ተሻገረ። ታቦት የሚቀድመው ሕዝብን ለማሻገር መሆኑን ከዚህ ተማሩ።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እናርም። ጥር 11 ንጋት ላይ የሚረጨው ጸበል ዳግመኛ ጥምቀት አይደለም። ጥምቀት አንዲት ናት፤ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን የልጅነትን ጸጋ የሚቀበሉባት ናት። በሜዳው የሚረጨው ውኃ በረከትና መታሰቢያ ነው።

ሁለተኛ፦ ዜማውም የተሰጠው ለምስጋና ነውና

በሜዳው የምንሰማው ዜማ መምህሩ ቅዱስ ያሬድ ነው፤ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም የነበረ ሊቅ። ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉትን ሦስቱን ዜማዎች ሰጥቶናል። መምህራን ግእዝን ለአብ፣ ዕዝልን ለወልድ፣ አራራይን ለመንፈስ ቅዱስ መስለው ያስተምራሉ። ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት የእርሱ ድርሰቶች ናቸው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክቶች አደራጅተው፣ በቃል ብቻ ይተላለፍ የነበረው ትምህርት በብራና ላይ እንዲነበብ አደረጉ። ዛሬም ድጓን ለመመስከር ቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕትን ለመማር ዙር አምባ የሚወርድ ተማሪ ዓመታት ይፈጅበታል። ጥምቀት ላይ በጥቂት ሰዓት የምንሰማው ወረብ የእነዚህ ዓመታት ፍሬ ነው።

መሣሪያዎቹም ያስተምራሉ። የከበሮው ሰፊ አፍ የጌታ መለኮት፣ ጠባቡ አፍ የትስብእቱ ምሳሌ ነው፤ በዙሪያው የተጠላለፈው ጠፍር የግርፋቱን ሰንበር ያሳስበናል። ጸናጽሉ መላእክት የወጡበትንና የወረዱበትን የያዕቆብን መሰላል፣ መቋሚያው መስቀሉን ያስታውሳል። ስለዚህ ካህኑ ሲያሸበሽብ ሰውነቱ ሁሉ ወንጌልን ይናገራል። ንጉሡ ዳዊትም በሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 6 በታቦቱ ፊት በአደባባይ በሙሉ ኃይሉ ዘመረ፤ ሚስቱ ሜልኮል በናቀችው ጊዜም ለእግዚአብሔር መዋረዱን እንደ ክብር ቆጠረው።

ሦስተኛ፦ አባቶቻችን በዓሉን ወደ ሜዳ አወረሱን

የቤተ ክርስቲያን ትውፊት እንደሚናገረው፣ ታቦታት በጥምቀት ወደ ውኃ መውረድ የጀመሩት በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመን ነው። በቅዱስ ላሊበላ ዘመን የአካባቢው ታቦታት ተለያይተው መውረዳቸው ቀርቶ በአንድ ጥምቀተ ባሕር እንዲሰበሰቡ ተደረገ። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ደግሞ በዋዜማው ወርደው በዚያው እንዲያድሩ ተሠራ። አካሄዱን ልብ በሉ፤ ከመውረድ ወደ መሰብሰብ፣ ከመሰብሰብ አብሮ ወደ ማደር። ሥርዓቱ ባደገ ቁጥር ሰውን ወደ ሰው አቀራርቧል።

ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም፣ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን በዓሉ ለዚሁ በተዘጋጀ ገንዳ ዘንድ ንጉሡ በተገኙበት ሲከበር ያየውን ጽፎ ትቶልናል። በጎንደር የዐፄ ፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት እስከ ዛሬ ሕዝብ ይሰበሰብበታል።

ወደ እኛ ከተማ ወደ አዲስ አበባ እንምጣ። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ነው። ከተማዋ ግን ከተራራው ወርዳ በሜዳው ተስፋፋች፤ ምኒልክ ለፈረንሳይ መንግሥት በሰጡት ቦታ ዙሪያም የእኛ ሰፈር ስሙን አገኘ። በእንጦጦና በቤተ መንግሥቱ መካከል ያለው ሰፊው ጃን ሜዳ፣ የጦር ሰልፍና የፈረስ ግልቢያ ይታይበት የነበረው ቦታ፣ የአዲስ አበባ ትልቁ ባሕረ ጥምቀት ሆነ።

በ2012 ዓ.ም. ሁለት ነገሮች ሆኑ። በኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ የተሰበሰበው የዩኔስኮ ጉባኤ በዓሉን በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ጻፈው። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ኮሮና ስለ ገባ የአትክልት ተራ ገበያ ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ፤ ሜዳውም በጭቃና በቆሻሻ ተሞላ። ገበያው ሲነሣ በጎ ፈቃደኞች አካፋና መጥረጊያ ይዘው ሜዳውን አጸዱ፤ የ2013 ዓ.ም. ጥምቀትም በዚያው ተከበረ። ቅርስ በመዝገብ ስለ ሰፈረ ብቻ እንደማይጠበቅ፣ ጠባቂ እጅ እንደሚያሻው ያን ጊዜ ተማርን።

አራተኛ፦ ከሙዚቃ ፌስቲቫል የሚለየው በምንድን ነው?

ወጣቶች ይህን ይጠይቃሉ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። በየዓመቱ በአደባባይ ዜማ የሚሰማባቸው ከተሞች በዓለም ብዙ ናቸው። በአሜሪካ የምትገኘው ኒው ኦርሊንስ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጃዝና የቅርስ ፌስቲቫል ታካሂዳለች። ፌስቲቫሉ የተጀመረው በባርነት የነበሩ አፍሪካውያን በእሑድ ተሰብስበው ከበሮ ይመቱበት በነበረው በኮንጎ አደባባይ ነው፤ በ1972 ወደ ፈረስ መወዳደሪያ ሜዳ ተዛወረ። በዚያ ለመንፈሳዊ መዝሙር የተለየ ድንኳን አለ፤ ጃዝ ከጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ዜማ ብዙ ወስዷልና። የኢትዮ ጃዝ አባት ሙላቱ አስታጥቄም ስለ ቅዱስ ያሬድና ስለ መቋሚያው በአክብሮት ሲናገሩ ኖረዋል። ሙያን እናከብራለን፤ የሰው ልጅ በአደባባይ አብሮ መዘመር መፈለጉም መልካም ነው።

ልዩነቱ በመካከሉ ያለው ማን ነው በሚለው ላይ ነው። በፌስቲቫል መድረክና ተመልካች አለ፤ የሚመሰገነው ሙያተኛው ነው። በጥምቀት ግን መካከሉን የያዘው ታቦቱ ነው፤ መሪጌታው፣ ሕፃኑ፣ አዛውንቱ ሁሉም በእርሱ ፊት አገልጋይ ናቸው። ከሩቅ ሆኖ እልል ያለች እናት ከካህኑ ጋር አንድ ምስጋና አቅርባለች።

ደስታችን ግን የተፈቀደ ነው። ጥር 12 የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ሲመለስ ቃና ዘገሊላን እናከብራለን፤ ጌታ በሰርግ ቤት ተገኝቶ ውኃውን ወይን ያደረገበትን። ስለዚህ ሆታውና የባህል ጭፈራው ታቦቱን እስካከበረ፣ ፍቅርን እስከጠበቀ ድረስ በረከት ነው። ስካርና ጠብ፣ ሌላውን ወገን የሚያቆስል ግጥምም ሲገባበት ግን በዓሉ ከባለቤቱ ይነጠቃል።

እንግዲህ ለጥያቄያችን መልሱ ይህ ነው፦ ዝማሬው ወደ ሜዳ የሚወጣው፣ ጌታ ወደ ቤተ መቅደስ መምጣት ወዳልቻሉት ሁሉ ስለ ወጣ ነው። አልጋ የያዘው ሕመምተኛ፣ ከሱቁ የማይንቀሳቀሰው ጥበቃ፣ ከቤተ ክርስቲያን ከራቀ ዓመታት ያለፉት ጎረቤት በዚያ ቀን ምስጋናውን ከደጁ ይሰማል።

ይህን ካወቅን ሦስት ነገር እናድርግ። በዓሉ ከመድረሱ በፊት ከተጣላነው ጋር እንታረቅ። ታቦት ስናጅብ መውጣት ያልቻለውን የሰፈራችንን ሰው አስበን ጸበሉን እናድርስለት። ጥር 13 ቀንም መጥረጊያ ይዘን ወደ ሜዳውና ወደ መንገዱ እንመለስ፤ ከእኛ የተለየ እምነት ያለው ጎረቤታችንም የሚሄድበት መንገድ ነውና። ጌታ ወደ እኛ እንደ ወጣ፣ እኛም ወደ ሌላው እንድንወጣ እርሱ ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።