ክብደት መጨመር ለሚፈልጉ፦ ከሚያወፍር ኪኒን በፊት

ጥያቄ፦ ከመጠን በላይ የቀጠነ ሰው ጤናውን ሳይጎዳ ክብደቱን እንዴት ሊጨምር ይችላል? ለዚህስ ድጋፍ ከማን ማግኘት ይገባዋል?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ለሐኪሞች ደጋግሞ የሚቀርብ ነው፤ የሚያሳስበው ጥያቄው ሳይሆን፣ ብዙ ሰው መልሱን ከጎረቤት ወይም ከመድኃኒት ቤት ተቀብሎ ለወራት ሲሞክረው ከቆየና ጉዳቱ ከታየ በኋላ ወደ ሕክምና መምጣቱ ነው።

በቅድሚያ ሰውየው በእርግጥ ከሚገባው በታች መክሳቱ ሊረጋገጥ ይገባል። በኪሎ ግራም የተለካ ክብደት፣ ቁመት በሜትር ተለክቶ በራሱ ተባዝቶ ለሚገኘው ውጤት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር የክብደትና የቁመት ምጣኔ ይባላል፤ ለአዋቂ ሰው ይህ ቁጥር ከ18.5 በታች ከሆነ ክብደቱ አነስተኛ ነው። ቁመቷ 1.65 ሜትር የሆነች ሴት 48 ኪሎ ብትመዝን ምጣኔዋ 17.6 ገደማ ስለሚሆን መጨመር ያስፈልጋታል፤ 54 ኪሎ የምትመዝን ከሆነ ግን ሰው ምንም ቢላት ጤናማ ክብደት ላይ ናት።

ለክሳት የሚዳርጉ ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ ቲቢ፣ ኤች አይ ቪ፣ የስኳር በሽታ፣ የታይሮይድ እጢ ከመጠን በላይ መሥራት፣ የአንጀት ጥገኛ ተውሳኮች፣ ድብርት፣ የምግብ እጥረትና ጫት ከእነዚህ ይገኙበታል። ከሁሉም በላይ መለየት ያለበት ከልጅነቱ ጀምሮ ቀጭን የሆነ ሰውና በቅርቡ የከሳ ሰው ነው። ሳያስብበት በስድስት ወር ወይም በአንድ ዓመት ውስጥ ከክብደቱ ከ5 በመቶ በላይ ያጣ ሰው፣ ለምሳሌ 60 ኪሎ የነበረና ከ57 በታች የወረደ፣ የሚያስፈልገው ምርመራ እንጂ የሚያወፍር ነገር አይደለም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብ ወይም ትኩሳት ከተጨመረበት ደግሞ ምርመራው ለነገ ሊባል አይገባም።

ሆኖም ብዙዎች ይዘገያሉ፤ የሚዘገዩትም በአብዛኛው ከእፍረት የተነሣ ነው። ክሳት በኅብረተሰቡ ዘንድ ለረጅም ጊዜ የኤች አይ ቪ ምልክት ተደርጎ ሲታይ ስለኖረ፣ የከሳ ሰው ሐኪም ቤት ሲገባ እንዳይታይ ይሸሸጋል፣ በምትኩም በሰፊ ልብስና በኪኒን ክሳቱን ሊደብቅ ይሞክራል። ቫይረሱ ቢገኝበት እንኳ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በጊዜ የጀመረና ሳያቋርጥ የሚወስድ ሰው ክብደቱና አቅሙ እንደሚመለስለት፣ የሚጎዳው መዘግየቱ እንደሆነ ደጋግሞ ሊነገር ይገባል።

ሌላው ስሕተት መድኃኒትን ማቋረጥ ነው። የተለመደው የቲቢ ሕክምና ስድስት ወር ይፈጃል፤ ታማሚው ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ሳሉ ሲቆምለት፣ የምግብ ፍላጎቱ ሲከፈትና ጉንጩ ሲሞላ የዳነ ይመስለውና ኪኒኑን ይተዋል። ያልሞቱት ተሕዋስያን ዳግመኛ ሲባዙ መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ሁለተኛው ሕክምና ከመጀመሪያው የከበደ ይሆናል። የተመለሰ ክብደት መድኃኒቱ መሥራቱን ያሳያል እንጂ ማለቁን አያሳይም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን፣ በተለይ በወጣት ሴቶች ዘንድ፣ «የሚያወፍር ኪኒን» እየተባለ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰደው ዴክሳሜታዞን ነው። ይህ መድኃኒት ከኩላሊት በላይ የሚገኙት አድሬናል የተባሉ እጢዎች ከሚያመነጩት ኮርቲሶል የተባለ ሆርሞን ጋር የሚመሳሰል፣ ነገር ግን ከእርሱ እጅግ የበረታ ሲሆን፣ ለከባድ አለርጂና ለአንጎል እብጠት በሐኪም ቁጥጥር ሲሰጥ ሕይወት ያድናል። ለውፍረት ሲወሰድ ግን ፊትንና ሆድን በስብና በውኃ ሲነፋ የእጅና የእግርን ጡንቻ ያሟሽሻል፤ አጥንትን ያሳሳል፣ የደም ግፊትንና ስኳርን ከፍ ያደርጋል፣ የሰውነትን የመከላከል አቅም ስለሚያዳክምም ተኝቶ የነበረ ቲቢ ሊቀሰቅስ ይችላል። በጓደኞች ዘንድ «አማረብሽ» የሚያሰኘው የጉንጭ ሙላት ጤና ሳይሆን የመመረዝ ምልክት ነው። ሳይፕሮሄፕታዲን የተባለው የአለርጂ ኪኒን ደግሞ የምግብ ፍላጎት ቢከፍትም እንቅልፍ ያበዛል፤ ሲቆም የተገኘው ክብደት አብሮ ሊሄድ ይችላል።

ዴክሳሜታዞንን ለሳምንታት ሲወስድ የቆየ ሰው ይህን ስላነበበ በድንገት ሊያቆመው አይገባም። እጢዎቹ የራሳቸውን ሆርሞን ማመንጨት ስለሚተዉ፣ ድንገተኛ ማቋረጥ የደም ግፊትን አውርዶ ራስን እስከ መሳትና እስከ ሞት ሊያደርስ ይችላል፤ የኪኒኑን ማሸጊያ ይዞ ሐኪም ዘንድ መቅረብና መጠኑን በሂደት መቀነስ ግድ ነው። ሐኪሙም ሊቆጣ አይገባም፤ በቁጣ የተመለሰች ታማሚ ቀጥላ የምትሄደው ኪኒኑን ወደ ገዛችበት ሱቅ ነው።

ከኪኒን ሌላ ከሚሞከሩት መካከል፣ ኮሶ መጠጣት አያወፍርም፤ መጠኑ ሲበዛም ዓይንን ሊጎዳ ይችላል። አብሽ ከወተትና ከማር ጋር ለጤናማ ሰው ምግብ ነው፣ የስኳር መድኃኒት ለሚወስድ ግን ስኳሩን ከልክ በታች ሊያወርድበት ስለሚችል ሐኪሙን ሳያማክር ሊያዘወትረው አይገባም። ፕላምፒ ነት የተባለው፣ በ92 ግራም እሽግ 500 ኪሎ ካሎሪ ገደማ የምግብ ኃይል የያዘ ምግብ፣ የተዘጋጀው በከፋ የምግብ እጥረት ለተጎዱ ሕፃናት ስለሆነ ከገበያ ገዝቶ መብላት የሕፃን ድርሻ መውሰድ ነው።

በሽታ የሌለበት ሰው በቀን ከሚበላው ላይ ከ300 እስከ 500 ኪሎ ካሎሪ ቢጨምር በሳምንት ሩብ ኪሎ እስከ ግማሽ ኪሎ ሊጨምር ይችላል፤ ከዚህ የፈጠነ አይጠበቅም፣ ቢሆንም አይመከርም። አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ፣ አንድ ብርጭቆ ወተትና ሁለት እንቁላል ተደምረው ይህን መጠን ይሞላሉ። በጾም ወቅት ሽሮው ላይ ዘይት ማከል፣ አቮካዶ፣ ተልባ፣ ሱፍና በሶ ቦታውን ይይዛሉ፤ የጾም ሰዓት መርዘም ለበሽተኛ የከበደ ሲሆንም ጉዳዩን ለንስሐ አባት መንገር ተገቢ ነው። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጡ ብረት የተባለው ንጥረ ነገር ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያውኩ ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ቢርቁ ይመረጣል። ምጣኔው ከ16 በታች የሆነ ሰው ግን በድንገት ብዙ መብላቱ በደም ውስጥ ያሉ ማዕድናትን አዛብቶ ለልብ አደገኛ ሊሆን ስለሚችል፣ የሚጀምረው በሐኪም ክትትል ነው።

ድጋፍን በሚመለከት፣ ብቻውን የሚበላ ሰው ጥቂት በልቶ ይነሣል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ደጋፊ በማዕድ አብሮት የሚቀመጥ አንድ ሰው ነው፣ እናትም ትሁን የቤት ተጋሪ። ይህ ሰው የሚያግዘው በጉርሻ በማስጨነቅ ወይም «ምነው ከሳህ?» በማለት ሳይሆን፣ ምግቡን በሰዓቱ በማቅረብ፣ መድኃኒት ካለ በማስታወስና ለቀጠሮ በመሸኘት ነው። ቤት ለቤት የሚዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ በጤና ጣቢያ ያሉ ነርሶችና የሥነ ምግብ ባለሙያዎች ያለ እፍረት ሊጠየቁ ይገባል። ምግብ የሚያስጠላው ሐዘን ወይም ድብርት ከሆነ ደግሞ ዋናው ደጋፊ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ነው፤ መብላት ብቻ አይፈታውም።

ክብደት በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት፣ በአንድ ሚዛን ተለክቶ ይጻፍ። ከስድስት ሳምንት በኋላ በደንብ እየተበላ ቁጥሩ ካልጨመረ፣ ወይም ከዚያ በፊት መውረድ ከጀመረ፣ ያ ጽሑፍ ተይዞ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።