የእንቁላሉ ዕጣ በአፈሩ ሙቀት፦ የውኃ ኤሊና ከፍታ

በአማርኛ «ኤሊ» የሚለው ቃል የየብሷንም የውኃዋንም ይጠቀልላል። ሆኖም ሁለቱ በአኗኗር እጅግ ይለያያሉ። የየብሷ ኤሊ ቅርፊቷ እንደ ጉልላት ከፍ ያለ ሲሆን የምትመገበውም ሣርና ቅጠል ነው። የውኃዋ ደግሞ ጠፍጣፋ ቅርፊት አላት፤ እንቁራሪት፣ ዓሣ፣ ቀንድ አውጣ፣ ትልና ጥንብም ትበላለች። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ፔሎሜዱሳ የተባለውን የአፍሪካ የውኃ ኤሊ ወገን ነው። ጀርመናዊው ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል ስለ አበሻ ምድር እንስሳት በ1835 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ ከዚህ ወገን አንዱን ገልጿል። ለረጅም ዘመን ሁሉም እንደ አንድ ዝርያ ሲቆጠሩ ቆይተው፣ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ የዘረመል ጥናት ቢያንስ 10 ዝርያዎች መሆናቸውን አመለከተ።

ጠባይዋ

ይህች ኤሊ ስትደነግጥ አንገቷን ወደ ኋላ ቀጥ አድርጋ አትስብም፤ ወደ ጎን አጥፋ ከቅርፊቷ ጠርዝ ሥር ታስገባዋለች። ሲይዟትም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ትለቃለች። ውኃ ሊጠጡ የመጡ ትናንሽ ወፎችን ይዛ ወደ ውስጥ ስትጎትት ታይታለች። ኩሬው በበጋ ሲደርቅ ጭቃ ውስጥ ተቀብራ ዝናብ እስኪመለስ ትጠብቃለች።

ሙቀትና እንቁላል

ኤሊ እንደ እኛ የሰውነቷን ሙቀት በራሷ አታመነጭም፤ ከፀሐይ፣ ከውኃና ከአፈር ታገኘዋለች። በእንደነዚህ ዓይነት እንስሳት ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የሰውነት ሥራ ፍጥነት አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 እጥፍ ያድጋል።

እናቲቱ አፈር ቆፍራ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 30 እንቁላል ትጥልና ትታው ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ አሳዳጊው አፈሩ ነው። ጫጩቶቹ ከ75 እስከ 90 ቀናት ባለው ጊዜ ይፈለፈላሉ። ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን ጾታቸውን የሚወስነው የአፈሩ ሙቀት መሆኑ ነው። በቀዝቃዛውና በሞቃቱ ጫፍ ሴቶች፣ በመካከለኛው ደግሞ ወንዶች ይበዛሉ።

ከፎገራ እስከ ደብረ ታቦር

አሁን ጥቂት ስሌት እንሥራ። የፎገራ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር፣ ደብረ ታቦር ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ናቸው። አየር በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ስለሚቀዘቅዝ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ወደ 6 ዲግሪ ይደርሳል። በፎገራ ከፍታ በ80 ቀናት የሚፈለፈል እንቁላል አለ እንበል። የአፈሩም ሙቀት ልክ እንደ አየሩ ቢቀንስ፣ ከላይ በጠቀስነው የፍጥነት ሕግ መሠረት ያው እንቁላል በደብረ ታቦር ከ120 እስከ 155 ቀናት ይፈልጋል። ይህም ከአንድ ክረምት የሚረዝም ጊዜ ነው። ቅዝቃዜው ከተወሰነ ወሰን ካለፈ ደግሞ የፅንሱ ዕድገት ጨርሶ ይቆማል።

ይሁን እንጂ አፈር አየርን ብቻ ተከትሎ አይሞቅም። ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው ተዳፋት፣ ባሕር ዛፍ ካጠላበት መሬት ይልቅ ይሞቃል፤ እርጥብ አፈርም ከደረቁ ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎም ይበርዳል። ከዚህ የምንረዳው የውኃ ኤሊን ለመጠበቅ ኩሬውን መጠበቅ ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ረግረጉ ተጠንፍፎ ቢታረስ መኖሪያዋ ይጠፋል፤ ዳርቻው በዛፍ ቢሸፈን ወይም የአየር ንብረቱ በጥቂት ዲግሪ ቢሞቅ ደግሞ ውኃው ሳይነካ የወንዱና የሴቱ ቁጥር ሚዛን ሊዛባ ይችላል። ኤሊ ዕድሜዋ ረጅም በመሆኑ፣ ትልልቆቹ እየታዩ ተተኪው ትውልድ ግን ሳይታወቅ ሊመናመን ይችላል።

ለተማሪዎች

ይህን ለመመርመር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሁለት ቴርሞሜትሮችን በ15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ አንዱን ፀሐይ በሚያገኘው፣ ሌላውን ጥላ ባለበት አፈር ቅበሩ። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ለአንድ ወር መዝግቡና በግራፍ አነጻጽሩ። በሥራው መካከል የኤሊ እንቁላል ብታገኙ ግን አታንሡት፣ አታገላብጡትም። ፅንሱ ከቅርፊቱ ውስጠኛ ገጽ ጋር ስለሚጣበቅ፣ አንድ ጊዜ መገልበጥ ብቻ ሊገድለው ይችላል። ጎጆውን መልሶ በአፈር መሸፈንና ቦታውን በማስታወሻ መያዝ በቂ ነው።