ቁንጥር ሶዲየም በቀለጠ አሉሚኒየም ውስጥ

ንጹሕ አሉሚኒየም ቀላልና የማይዝግ ሲሆን በቅርጽ ለማፍሰስ ግን እጅግ ያስቸግራል። ሲቀልጥ ወደ ጠባቡ ሥፍራ እንደ ልብ አይገባም፤ ሲረጋም በብዙው ይኮማተራል። ሲሊኮን ሲጨመርበት ሁለቱም ጉድለቶች ይቀንሳሉ፤ ፒስተንና የሞተር ቴስታታም ከዚህ ቅይጥ የሚሠሩት ስለዚህ ነው።

አሉሚኒየም ለብቻው በ660፥ ሲሊኮን ለብቻው በ1414 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣሉ። ከመቶው 12.6 እጅ ያህሉ ሲሊኮን የሆነ ቅይጥ ግን የሚረጋው በ577 ዲግሪ ነው፤ ይኸውም ከሁለቱም በታች መሆኑ ነው። ይህን ኢዩቴክቲክ እንለዋለን፤ ሁለቱ ጎን ለጎን በአንድነት ይረጋሉ።

ጣጣው ከሲሊኮን በኩል ይመጣል። የአሉሚኒየም አቶም በደረሰበት ገጽ ሁሉ በቀላሉ ይቀመጣል። ሲሊኮን ግን አቶሞቹን በተወሰነ አቅጣጫ አጥብቆ ስለሚያያይዝ፥ ወደ ጎን እየሰፋ ጠፍጣፋ ሆኖ ያድጋል። በማይክሮስኮፕ የምናየው መርፌ ይመስላል፤ በእውነቱ ስስ ሰሌዳ ነው፤ የተወለወለው ናሙና ጠርዙን ብቻ ያሳየናልና። ይህ የቃል ጨዋታ አይምሰላችሁ! ስንጥቅ መርፌን ዞሮ ሊያልፍ ይችላል፤ ተሰባሪ ሰሌዳ ግን ለስንጥቅ የተጠረገ መንገድ ነው። ዕቃው ሳይለጠጥ በድንገት ይሰበራል።

አላዳር ፓትስ በ1921 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) ቅይጡን በሶዲየም ፍሉዎራይድ የማከም ዘዴ በአሜሪካ በፓተንት አስመዘገበ። ከ10,000 እጅ አንድ እጅ ያህል ሶዲየም ሰሌዳውን ወደ ደቃቅ ቃጫ ይለውጠዋል። ምክንያቱን ሉና ሄለዌል በ1987 ሲያስረዱ፥ የሶዲየም አቶሞች በሚያድገው ክሪስታል ጠርዝ ላይ ተለጥፈው ተራውን ያዛቡታል፤ መንታ ክሪስታል ይበዛል፤ እድገቱም በየአቅጣጫው ይታጠፋል አሉ። እኛ ይህ ብቻውን በቂ ነው አንልም። በፈሳሹ ውስጥ ያለች ጥቂት ፎስፎር ከአሉሚኒየም ጋር ተዋሕዳ ለሲሊኮን መነሻ ዘር ትሆናለች፤ ሶዲየም ይህንንም ዘር ያከሽፋል።

ነገር ግን ሶዲየም በ883 ዲግሪ የሚፈላ፥ በአየርም ፈጥኖ የሚቃጠል በመሆኑ በቀለጠው ብረት ውስጥ አይቆይም። አፍሳሹ ከዘገየ ሰሌዳው ይመለሳል፤ ይህም ከውጭ ሲታይ አይታወቅም። ስትሮንሺየም ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ ሆኖም ዕቃው ውስጥ ቀዳዳ እንዳይበዛ መጠንቀቅ ያሻል። ስለዚህ ከምርጫው አስቀድሞ ፈሳሹ በምድጃው ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ መለካት ነው።