አክታ የማይተፋው ታማሚ

ሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) የተጠረጠረበት አዋቂ ጤና ጣቢያ ሄዶ አክታውን በዕቃ ይሰጣል፤ ላቦራቶሪው መርምሮ ይነግረዋል። የሁለት ዓመት ሕፃን ግን አክታ መትፋት አያውቅም፤ ከሳንባው የወጣውን ይውጠዋል። በትንሽ ልጅ አክታ ውስጥ ያለው ባክቴሪያም ከአዋቂው በጣም ያነሰ ስለሆነ፣ ናሙናው ቢገኝ እንኳ መሣሪያው ላያየው ይችላል። ለዚህ ነው የልጆች ቲቢ በላቦራቶሪ ብቻ የማይታወቀው። በእኔ እምነት ወላጅ ስለ ቤቱና ስለ ልጁ በትክክል የሚናገረው ታሪክ ከየትኛውም መሣሪያ አያንስም።

ታሪኩ የሚጀምረው ከሚያስለው አዋቂ ነው። ልጅ ቲቢ የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ አብሮት ከሚውል ትልቅ ሰው ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ግቢ ጠባብ ክፍሎች ተከራይተው የሚኖሩ የፋብሪካ ሠራተኞችን አስቡ፤ ቡና ሲፈላ ሕፃኑ ከአንዱ ጭን ወደ ሌላው ይዞራል። ደሴ ላይ ደግሞ ብርዱን ለመሸሽ መስኮት ተዘግቶ ይታደራል፤ የሚያስለውም ሰው «የጦሳ ተራራ ብርድ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ ከመሄዳችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፦ ባለፈው አንድ ዓመት ከቤተሰቡም ሆነ ከግቢው ለሳምንታት ያሳለ፣ የከሳ ወይም የቲቢ መድኃኒት የጀመረ ማን አለ? አያትን፣ አከራይን፣ የቤት ሠራተኛን አትርሱ። ሰው በዚህ በሽታ ያፍራል፤ ሰው በተሰበሰበበት አትጠይቁት፣ ለብቻው ይሁን። በ2014 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ በነበረው ጦርነት የአካባቢው ጤና ተቋማት ሲዘረፉ ሕክምናውን ያቋረጠ ዘመድ ካለ ያንንም ተናገሩ። የተቋረጠ ሕክምና መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ሊያመጣ ይችላል፤ እንዲህ ያለው ቲቢ ደሴ አጠገብ ባለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ይታከማል።

ቀጥሎ ልጁን ራሱን ተመልከቱ። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል፣ የማይለቅ ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስ ወይም ባለበት መቆም፣ ከእኩዮቹ ጋር መጫወት መተው። አንዳንዱ ልጅ ሳል ሳይኖረው አንገቱ ላይ የማያመው ንፍፊት ብቻ ይወጣበታል። በዚህ ጊዜ እናቲቱ ከጎረቤት የምትሰማው ብዙ ነው፦ «አብሽሪ፣ ጥርስ ሊያወጣ ነው»፤ «ዓይን በልቶት ነው»። ጎረቤት የሚናገረው ከፍቅር ነው፤ ግን ጊዜ ይበላል። ክርክሩን የሚፈታው የክብደት መከታተያ ካርዱ ነው። ካርዱ ላይ መስመሩ ለሁለትና ሦስት ወር ባለበት ከቆመ ወይም ከወረደ ጥርስ አያስረዳውም። አሞክሲሲሊን ወስዶ ሳሉ ያልተሻለው ልጅ፣ ፕላምፒነት የተባለውን አልሚ ምግብ እየበላ ክብደት ያልጨመረ ልጅ፣ ሁለቱም ለቲቢ መታየት አለባቸው። ክንዱ ላይ የቢሲጂ ክትባት ጠባሳ መኖሩም አያዘናጋችሁ፤ ክትባቱ በዋናነት የሚከላከለው ከባዶቹን ዓይነቶች እንጂ ሁሉንም አይደለም። ልጁ ካስመለሰው፣ ከወትሮው በተለየ ከደነዘዘ፣ አንገቱ ከደረቀ ወይም ካንቀጠቀጠው ግን ቲቢው ወደ አንጎል ሽፋን ደርሶ ሊሆን ይችላልና ቀጠሮ ሳትጠብቁ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰዱት።

ናሙና ለማግኘት ለረጅም ጊዜ የነበረው ዋና መንገድ ጠዋት በባዶ ሆድ በአፍንጫ ቱቦ አስገብቶ ከጨጓራ መቅዳት ነበር። ልጁን ያስለቅሳል፣ ብዙ ጊዜም ሆስፒታል ያስተኛል። የተዋጠው አክታ ግን ሆድ ውስጥ አይቀርም፣ በሰገራ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2012 ዓ.ም. የልጆች ሰገራ ጂን ኤክስፐርት በሚባለው መሣሪያ እንዲመረመር የፈቀደው በዚህ ምክንያት ነው። ሰገራውን በቀላሉ ለምርመራ የሚያዘጋጀው ዘዴ የተሠራው ደግሞ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ከኔዘርላንዱ የቲቢ ድርጅት ኬኤንሲቪ ጋር አዲስ አበባ ላይ በሠራው ሥራ ነው፤ ይህ በጣም ያኮራኛል። ባለሙያው 0.8 ግራም ያህል ሰገራ ከመሣሪያው ፈሳሽ ጋር ቀላቅሎ ይበጠብጣል፣ ጥቂት ደቂቃ ያስቀምጠዋል፣ ከላይ የጠራውን ይቀዳል። ጂን ኤክስፐርት በ2 ሰዓት ገደማ ባክቴሪያው መኖሩንና ሪፋምፒሲን የተባለውን የቲቢ መድኃኒት መላመድ አለመላመዱን ይናገራል። ከእናንተ የሚፈለገው ሽንት ያልነካው ሰገራ ከፖፖ ወይም ከዳይፐር ላይ አንስቶ በንጹሕ ዕቃ ማድረስ ነው።

አሁን እንዳይረሳ የምለምናችሁ ነገር፦ ውጤቱ «የለም» ቢል ቲቢ የለም ማለት አይደለም። ቲቢ ካለባቸው ትንንሽ ልጆች ብዙዎቹ ምርመራው ባክቴሪያ አያሳይላቸውም። ሐኪሙ ታሪኩን፣ ክብደቱን፣ ራጁንና የኤች አይ ቪ ምርመራውን አንድ ላይ አይቶ ያለ ላቦራቶሪ ማረጋገጫ ሕክምና ሊያስጀምር ይችላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ያወጣው መመሪያም ይህንኑ ይደግፋል። «ማሽኑ ነጻ ነው ብሎ እንዴት መድኃኒት?» ብላችሁ አታቋርጡ። በተቃራኒው ነጻ ተብሎ ወደ ቤት የተመለሰ ልጅ በሁለት ሳምንት ካልተሻለው መልሱት፣ ካርዱንም ይዛችሁ ሂዱ።

መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ ይሰጣል። ለልጆች የተዘጋጀው ክኒን ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ የፍራፍሬ ጣዕምም አለው። ሕክምናው በተለምዶ 6 ወር ነው፤ ሕመሙ ቀላል ለሆነ ልጅ በ4 ወር ሊያልቅ ይችላል። አዋቂው ታማሚ ባለበት ቤት ያሉ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆችም ባያስሉም መታየት አለባቸው፤ በሽታው ካልተገኘባቸው መከላከያ መድኃኒት ይጀመርላቸዋል።